ዋጋው ወጣ፣ ሥጋው ሳሳ፤ የሰፈር በርገር ቤቶችን ምን ነካቸው?

አዲስ አበባ ላይ በርገር የሰፈር ምግብ ከሆነ ሰነባብቷል። ማክዶናልድስ ኢትዮጵያ ውስጥ ቅርንጫፍ የለውም፤ ፒዛ ሃትም ቢሆን ወደ ከተማችን የገባው በ2010 ዓ.ም. ነው። በርገርን ከአዲስ አበባ ሰው ጋር ያለማመዱት ታላላቅ የውጭ ድርጅቶች ሳይሆኑ በየሰፈሩ፣ ከኮንዶሚኒየም ሥር ባሉ ሱቆችና በመኖሪያ ግቢዎች ውስጥ የተከፈቱ፣ ባለቤቱ ራሱ ካሸር ሆኖ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ቤቶች ናቸው። ደመወዝ የወጣ ቀን ልጆች የሚወሰዱት፣ ተማሪዎች ተዋጥተው የሚበሉት፣ ጓደኛሞች ክትፎ ቤት መግባት ሲከብዳቸው የሚገናኙት እዚያ ነው። የእነዚህ ቤቶች መዳከም የምላስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መካከለኛ ገቢ ያለው የከተማ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ወጣ የሚልበት ቦታ እየጠፋ ነው ማለት ነው።

ገርጂ አካባቢ ለዓመታት የተመላለስኩበት አንድ ቤት አለ። ስሙን አልጠቅስም፤ የማወራው ስለ እሱ ብቻ ስላልሆነ። ሳህኑ ድሮ የማውቀው ነጭ ሞላላ ሳህን ነው። ዳቦው ሲያዩት ሞላ ያለ ይመስላል፣ በጣት ሲጫኑት ግን እስከ ታች ይወርዳል። ሥጋው ከዳቦው ጠርዝ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ድሮ ከዳቦው ተርፎ በጎን ይወጣ ነበር። ቺዙ ሥጋው ላይ ቀልጦ አልተኛም፤ አራት ማዕዘኑን እንደጠበቀ ተቀምጧል። ሥጋው ቀድሞ ተጠብሶ ቆይቶ ነበር፣ ቺዝ የሚያቀልጥ ሙቀት አልቀረውም ማለት ነው። ቺፕሱ ጫፉ ጠቆር ብሎ መሐሉ ልፍስፍስ ነው፤ ወደ አፍንጫ ቀድሞ የሚመጣውም የድንቹ ሳይሆን የዘይቱ ሽታ ነው። ሜኑው ላይ ዋጋው በተለጣፊ ወረቀት ተሸፍኖ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ተለጣፊው በሌላ ተለጣፊ ላይ ነው የተለጠፈው፣ ያኛውም በሌላ ላይ። ከጥቂት ዓመታት በፊት 200 ብር የማይሞላ የነበረ በርገር 500 ብርን አልፏል።

የዋጋው መውጣት በአብዛኛው ምክንያት አለው፤ ቁጭ ብሎ ላሰላው ሰው የሚገባ ነው። ደንበኛን እያሸሸ ያለው ዋጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል ባላሳዘነም። ቤቶቹን እየጎዳ ያለው ጭማሪውን ሁለት ጊዜ ማስከፈላቸው ነው፤ አንዴ ሜኑው ላይ በግልጽ፣ አንዴ ደግሞ በሥጋው፣ በዘይቱና በአስተናጋጁ ውስጥ በስውር። የመጀመሪያውን ጭማሪ ደንበኛ ይቅር ይላል። ሁለተኛውን ያወቀ ቀን ተመልሶ አይመጣም፤ ምክንያቱንም ለባለቤቱ አይነግረውም።

ባለቤቶቹ ለምን ተወደደ ሲባሉ የሚሰጡት መልስ «ዶላር» ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ ከዋዜማው ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ከዚያ ወዲህም ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አላለም። ይህን ያየ ሰው ቺዝ፣ ካቻፕና ማዮኔዝ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆኑ ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። አስመጪው ያን የ57 ብር ዶላር ለማግኘት ወራት ወረፋ መያዝ ነበረበት፤ ብዙው ሰው የሚያገኘው በጥቁር ገበያ፣ ከ100 ብር በላይ እየከፈለ ነበር። ከጥቅምት 2015 ጀምሮም 38 የሸቀጥ ዓይነቶች ከባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳያገኙ ታግደው ቆይተዋል፤ እገዳው የተነሳው በዚያው የሐምሌ ማሻሻያ ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚገባው ብዙው ነገር ከሐምሌ በፊትም በጥቁር ገበያ ዋጋ እየተሸጠ ነበር። ተመኑ ተለቀቀ ተብሎ በማግስቱ በርገር ላይ መቶና ሁለት መቶ ብር የጨመረ ቤት ጭማሪውን ሁሉ በቺዙ ሊያመካኝ አይችልም።

ዶላሩ በርገሩ ላይ የደረሰው ዞሮ፣ በነዳጁና በመብራቱ በኩል ነው። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ ቆይቷል፤ ያኔ በሊትር ከ50 ብር በታች የነበረው ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ። የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተደርጎ ለአራት ዓመት ተደልድሏል። ግሪሉ፣ መጥበሻው፣ ፍሪጁና የዳቦ ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ መብራት የሚበሉበት ቤት ይህ በየወሩ ይሰማዋል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሳል፤ ጀነሬተሩ ደግሞ ያንኑ ነዳጅ ይፈልጋል።

ሥጋው የራሱ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ የምትበላው በሬ ከቦረና፣ ከሐረርጌ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሽፈው እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። በአማራ ክልል ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ፣ በኦሮሚያ ደግሞ ከዚያም አስቀድሞ የቀጠለው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል፤ ነጋዴው ለስጋቱም ለኬላውም ዋጋ ያስከፍላል። በሬው ቄራ እስኪደርስ ድረስ በእያንዳንዱ እጅ ላይ የተጨመረው ሁሉ ልኳንዳው በር ላይ በኪሎ ሥጋ ይገለጻል። የምግብ ዘይታችንም አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ፓልም ነው። ዱቄቱም ቢሆን፣ አገር ውስጥ የሚመረተው ስንዴ ጨመረ ቢባልም የዳቦው መጠን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ የአዲስ አበባ ሰው ዳቦ በዋጋ ሲጨምርበት፣ በግራም ሲቀንስበት የኖረ ስለሆነ ይህን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ግሽበቱ ቀንሷል ሲባል የሚነሳውን ግራ መጋባትም እዚህ ላይ ማጥራት ተገቢ ነው። ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት በግንቦት 2014 ከ37 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በግማሽና ከዚያ በታች ወርዷል። ግሽበት ቀነሰ ማለት ግን ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ረገበ ማለት ነው። በ2014 የወጣው ዋጋ እዚያው ላይ ነው ያለው፣ የዘንድሮው የተጨመረው በእሱ ላይ ነው። የበርገር ቤቱ ባለቤት «አሁን ረከሰ አይደል እንዴ?» ሲባል የሚናደደው ለዚህ ነው፤ እውነቱንም ነው።

ከሁሉም በላይ ሰው የማያስተውለው ግን ኪራዩና ጾሙ ተጋጥመው የሚፈጥሩት ጫና ነው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለመኖሪያ ቤት ነው፤ ንግድ ቤትን አይመለከትም። የሱቅ አከራይ ውሉ ባለቀ ቁጥር የፈለገውን ይጠራል፤ ብዙው ውል ደግሞ የአንድ ዓመት ነው። ተከራዩ ሰድር አንጥፎ፣ የጭስ መውጫ ሠርቶ፣ ደንበኛ ካፈራ በኋላ ቦታውን ለቅቆ መሄድ ለእሱ ክስረት ስለሆነ እየመረረውም ይፈርማል። አከራዩም ይህን ያውቃል። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ብዙ ሰፈሮችን ሲያነሳና መንገድ ሲያሰፋ፣ ከፒያሳም ከካሳንችስም የተነሱ ነጋዴዎች ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረባቸው፤ በቀሩት ሰፈሮች የሱቅ ፈላጊው በዛ። አንዳንዱ በርገር ቤት ደግሞ እሱ ባይነሳም ደንበኛው ተነስቶበታል፤ ማታ ማታ በእግሩ ይመጣ የነበረው ሰው ዛሬ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖረው።

ይህን ኪራይ በዓመት ውስጥ በስንት ቀን ሽያጭ ነው የሚሸፍነው? በርገር ሥጋ፣ ቺዝ፣ እንቁላልና ቅቤ ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ ሲደመሩ አጥብቆ ለሚጾም ኦርቶዶክሳዊ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ የጾም ቀን ነው። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበዋል፤ ሁለቱም ደንበኛ በአንድ ጊዜ ቀረ። በእነዚያ ሳምንታት እኩለ ቀን ላይ በአንድ በርገር ቤት በር ያለፈ ሰው ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ያያል። ኪራዩ ግን አይጾምም፤ የኩኩም (የምግብ አብሳዩም) ደመወዝ፣ የመብራቱም ሒሳብ እንደዚያው። ስለዚህ በፍስክ ቀን የምንከፍለው ዋጋ ውስጥ የጾሙ ወራት ኪራይ አብሮ አለ። ኪራይ በቀስታ በሚጨምርበት ዘመን ይህ ሸክም በብዙ በርገር ላይ ተከፋፍሎ አይታወቅም ነበር። ኪራዩ ሲንር የበላተኛው ቁጥርም ሲቀንስ በእያንዳንዱ ሳህን ላይ የሚያርፈው ድርሻ አበጠ።

መፍትሔው በእጃቸው ነበር ብዬ የምቆጨው እዚህ ላይ ነው። የጾም በርገር የሚባለው ነገር ጥሩ ሆኖ ቢሠራ ግማሹን ዓመት ሊያድን ይችል ነበር። ሽምብራው በቅጡ ተቀቅሎ፣ እንጉዳይና ሽንኩርቱ ውሃቸው እስኪደርቅ ተጠብሶ፣ ቃሪያውና ነጭ ሽንኩርቱ ገብቶበት በደንብ የተጋገረ ነገር ሥጋ ያላሰኘኝ ጊዜ አለ። አገሩ የጾም ምግብ አዋቂ ነው፤ ሽሮን፣ ስልጆን፣ ሱፍ ፍትፍትን የሠራ እጅ ለዚህ አያንስም። የብዙው ቤት የጾም በርገር ግን የተፈጨ ድንች በዳቦ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ከሥጋው በርገር ብዙም አይርቅም። «እርጥብ» የሚባለውን ርካሽ ድንች በዳቦ መንገድ ዳር መብላት የሚችል ሰው ለምን ይህን ይገዛል?

ባለቤቱ በዚህ ሁሉ መሐል ሁለት መንገድ አለው፤ ዋጋውን እንዳለ ማውጣት፣ ወይም ግማሹን በዋጋ ግማሹን በሳህኑ ላይ ማካካስ። አብዛኛው የመረጠው ሁለተኛውን ነው። የሚቀነሰውም ደንበኛ አያስተውለውም ተብሎ ከሚታሰበው ነው። መጀመሪያ ሥጋው ይሳሳል። 150 ግራም ጥሬ ሥጋ ሲጠበስ ውሃውና ጮማው ወጥቶ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ 100 ግራሙን ሲጠበስ ምን እንደሚቀረው መገመት ነው። ጉዳቱ ክብደት ላይ ብቻ አያበቃም። ወፍራም ሥጋ ላዩ ቡናማ እስኪሆን ድረስ ውስጡ ጭማቂውን ይዞ ይቆያል፤ የሳሳው ግን ላዩ ሳይጠበስ ውስጡ ያልቃል፣ ይደርቃል። ጣዕሙ ጠፋ የሚለው ሰው ቅመሙ የተቀየረ ይመስለዋል እንጂ የተቀየረው ውፍረቱ ነው። ቀጥሎ ሥጋው ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ሽንኩርት፣ አንዳንዴም ሶያ ይበዛል። ትንሽ ፍርፋሪ ለመያያዝ ይጠቅማል፤ ሲበዛ ግን ሥጋው በጥርስ አይቆረጥም፣ ይላሽቃል። ልኳንዳው ጋ ደግሞ «ለበርገር» ሲባል የሚፈጨው ሥጋ የትኛው እንደሆነ ገዢው ቆሞ ካላየ አይታወቅም።

ዘይቱ የባሰ ነው፤ ከጣዕም አልፎ ወደ ጤና የሚሄድ ስለሆነ። መጥበሻ ውስጥ ያለ ዘይት ደጋግሞ ሲሞቅ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ገና ሳይግል መጨስ ይጀምራል፤ ያኔ መደፋት አለበት። ቀድሞ በሁለትና በሦስት ቀን የሚቀየረውን ዘይት አዲስ እየጨመሩበት ሳምንት የሚያስኬዱ ቤቶች አሉ። አዲሱ ዘይት አሮጌውን አያድነውም፤ አሮጌው ነው አዲሱን የሚያበላሸው። ልጆች ከበርገሩ ይልቅ ቺፕሱን ነው ቀድመው የሚጨርሱት፤ ወላጅ ሌላውን ሁሉ ይቅር ቢል እንኳን ይህን ይቅር ማለት የለበትም።

ወደ መስተንግዶው ስንመጣ ጥፋቱ ሁሉ አስተናጋጁ ላይ ይወድቃል። ትዕዛዝ አርባ ደቂቃ ይቆያል፣ ውሃ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ይረሳል፣ ሒሳብ ለመክፈል እጅ ማውጣት ግድ ይሆናል፤ «አቮካዶ የለም ጋሼ፣ ቺዙም አሁን ነው ያለቀው» የምትለዋ ልጅ ናት ቁጣውን የምትቀበለው። እሷ ግን ድሮ ሦስት ልጆች ይይዙት የነበረውን ቤት ብቻዋን የያዘች ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ ለግል ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢልም እስካሁን የተወሰነ ወለል አልወጣም። የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ሲያድግ፣ የበርገር ቤቷን አስተናጋጅ ያሰባት የለም። የአስተናጋጅ ኑሮ ሁሌም በጉርሻ ነበር።

ጉርሻውም ተለወጠ። ቴሌብር ከ2013 ወዲህ እየተስፋፋ መጥቶ ዛሬ ሰፈር ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ በስልክ ይቀበላል። በጥሬ ብር ሲከፈል 370 ብር ለሚሆን ሒሳብ 400 ተሰጥቶ መልሱ ሳህኑ ላይ ይቀር ነበር። በስልክ ግን ሰው የሚልከው 370 ብር ነው፣ ልክ በልኩ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሳህኑ ላይ የሚተው ዝርዝር የለም። ልጅቷ በወር መጨረሻ ስትቆጥረው ግን ልዩነቱ የቤት ኪራይዋ ነው። ስለዚህ ሥራ የለመደች አስተናጋጅ ትልቅ ሆቴል ስታገኝ ትሄዳለች፣ ዱባይ ወይም ዶሃ ያለ ሬስቶራንት ስታገኝም ትሄዳለች፤ በቦታዋ ትናንት የተቀጠረች ልጅ ትቆማለች። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደንበኛን በስሙ የምታውቀው፣ «ያው እንደ ወትሮው ሽንኩርት ሳይበዛ?» የምትለው መጥፋቷ ነው። ሰፈር ውስጥ ያለ ቤት ከቦሌው ትልቅ ቤት የሚበልጥበት አንዱ ነገር እሱ ነበር።

የዴሊቨሪው ነገርም አለ። ሞተረኞቹ በሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁ ኩኩ መጀመሪያ የእነሱን ይሠራል፤ እነሱ ሰዓት ተቆጥሮባቸዋል፣ የተቀመጠው ደንበኛ ግን የትም አይሄድም ተብሎ ይታሰባል። ትዕዛዝ ተቀባዩ ድርጅትም አምጪውም ከሽያጩ ድርሻ ስለሚወስዱ ቤቱ ከዚያ የሚያተርፈው ቀጭን ነው። ያም ሆኖ የሳሎኑን ደንበኛ ለዚያ ቀጭን ትርፍ አሳልፎ ይሰጣል።

አሁን ደግሞ ሒሳቡ ጋ እንምጣ። ሜኑው ላይ ለምሳሌ 500 ብር የተባለ በርገር አለ። ቤቱ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ቢጨምርበት 550 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 632 ብር ከ50 ሳንቲም። አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለስላሳም ቺፕስም ሳይጨምር 2,530 ብር ይከፍላል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዲግሪ ይዞ መንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ጀማሪ ደመወዙ 11,500 ብር ነው፤ ግብር ሳይቀነስ እንኳን ከአምስት አንዱን በላይ በአንድ እራት ያወጣል። ቫቱ ሕግ ነው፣ ለመንግሥት የሚገባ ነው። የሚያናድደው «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» የሚለው ጽሑፍ በሜኑው የመጨረሻ ገጽ ላይ በጉንዳን ፊደል መጻፉ ነው። የአገልግሎት ክፍያ የሚባለው 10 በመቶ ደግሞ ለአገልጋይዋ ስለመድረሱ ደረሰኙ ላይ ምንም አይታይም፤ ደንበኛው ግን ጉርሻውን የከፈለ መስሎት ይነሳል። አገልግሎት በቀነሰበት ቤት የአገልግሎት ክፍያ መጠየቅ አይን ያወጣ ነገር ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ሰው በርገር ሲያዝ ዋጋው ብሎ የሚያስበው ከኪሱ የሚወጣውን ነው። ንግድ ቢሮው አንድ ነገር ብቻ ቢያስፈጽም፣ ምግብ ቤት ሁሉ የመጨረሻውን ዋጋ ሜኑው ላይ እንዲጽፍ ቢያደርግ፣ ግማሹ የጠረጴዛ ላይ ጭቅጭቅ ይቀራል። ባለቤቶቹ ትልቅ ቁጥር ደንበኛ ያስደነግጣል ብለው ይፈራሉ። ደንበኛው ግን መደንገጡ አይቀርም፤ የሚደነግጠው ከበላ በኋላ፣ ልጆቹ ፊት፣ ሒሳብ ሲመጣ ነው።

በዚህ ሁሉ በጣም የተጎዳው መካከለኛው ቤት ነው። ቦሌና አካባቢው ያሉት ትልልቆቹ የሚኖሩት ዶላር በሚያገኝ ደንበኛ፣ በዓል በመጣ ቁጥር በሚገባው ዲያስፖራና በድርጅት ግብዣ ነው፤ ብሩ በወረደ ቁጥር ለእነዚህ ደንበኞች በርገሩ እንዲያውም ይረክሳል። ከታች ያለው እርጥብ፣ ሳምቡሳና እንቁላል ሳንዱች ሻጭ ሥጋ የለበትም፣ ኪራዩም ትንሽ ነው። መሐል ላይ የቀረው በብር ደመወዝ ለሚኖር ሰው ሥጋ የሚሸጠው የሰፈር ቤት ነው። ከላይ ያሉትን ለመምሰል ሜኑውን ወደ ስምንት ገጽ ያሳድጋል፤ ፒዛ፣ ላዛኛ፣ ሻዋርማ፣ ክለብ ሳንዱች፣ ሚልክ ሼክ። ስምንት ገጽ ሜኑ ማለት ስምንት ገጽ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ማለት ነው፤ ግማሹ ይበላሻል፣ ግማሹ «የለም» ይባላል፣ የሚጣለው ሁሉ ደግሞ በርገሩ ላይ ይታሰባል።

ተቃራኒውን ያደረገ ቤት ሃያት አካባቢ አይቻለሁ። ሜኑው አንድ ገጽ ነው፤ አራት ዓይነት በርገር፣ ሁለቱ የጾም። ከእያንዳንዱ ጎን የጥሬ ሥጋው ክብደት በግራም ተጽፏል፤ ዋጋው ቫት ተጨምሮበት የተጻፈ ነው። ቺፕስ ከበርገሩ ጋር አይመጣም፤ የፈለገ ለብቻው ያዛል፣ ያላዘዘ አይከፍልም። ርካሽ አይደለም፤ እንዲያውም ከገርጂው ቤት ትንሽ ይበልጣል። ግን ያዘዝኩትን አውቄ ነው ያዘዝኩት፤ የመጣልኝም እሱ ነው። ባለቤቱ ሥጋውን የሚያስፈጨው ቆሞ እያየ መሆኑን ነገረኝ፤ ጮማውን ከቀዩ ለይቶ ይመዝናል። ዋጋ ሲጨምርም ተለጣፊ አይለጥፍም፤ በር ላይ ከሳምንት በፊት ጽፎ ይሰቅላል። ኪራዩ እሱንም ያሳስበዋል፤ ግን ውሉን ለሦስት ዓመት ነው የፈረመው፤ ለዚያ ሲል የመጀመሪያውን ዓመት ከፍ አድርጎ መክፈሉን መርጧል። ብዙ ባለቤቶች ይህን ቢሞክሩት አከራዩም ከባዶ ሱቅ የተሻለ ነው ብሎ የሚስማማ ይመስለኛል።

እኛ በላተኞቹም ዝም ማለቱን ለምደናል። ሥጋው ሲሳሳ አንናገርም፤ ከንፈራችንን ነክሰን ከፍለን እንወጣና ለጎረቤት እንናገራለን። የገርጂው ቤት ባለቤት ዛሬም ካሸር ላይ ተቀምጧል፤ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። ባለፈው ሒሳብ ስከፍል «ሥጋው ስንት ግራም ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና ኩኩን ጠራው። ኩኩም አላወቀውም፤ ሚዛኑ ከተበላሸ ቆይቷል፣ በእጅ መጠን ነው የምንከፋፍለው አለ። ባለቤቱ ይህን የሰማው ከእኔ ጋር እኩል ነበር፤ ሚዛን እንዲገዛ ነግሬው ወጣሁ።